ፒዲኤፉ ደርሷል፤ መርፌውስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ለጤና ባለሙያዎች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከስታዲየም፣ ከሜክሲኮ፣ ከጥቁር አንበሳ፣ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ዙሪያ ካሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች የመጡ ናቸው። የሚያነሱት ነገር ተቀራራቢ ነው። በጥናት የተረጋገጠ አሠራር አንድ ባለሙያ ጋ ይደርስና እዚያው ይቀራል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የተቋማቱንም ስም ትተነዋል።

ጥያቄ፦ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ከወሊድ በኋላ ለሚከሰት ደም መፍሰስ ስለሚሰጠው ትራኔክሳሚክ አሲድ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስጄ ስመለስ ለ22 ባልደረቦቼ እንዳካፍል ታዘዝኩ። 64 ስላይድና ሁለት ፒዲኤፍ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለጠፍኩ። ሁሉም ማለት ይቻላል አይቶታል፤ አውራ ጣቱም ተደርድሯል። በሦስተኛው ሳምንት ግን የሌሊት ተረኞቹ መድኃኒቱ የት እንደሚቀመጥ እንኳ አያውቁም። ምን ልጨምር? (ከስታዲየም አካባቢ)

መልስ፦ ሲስተር፣ የሚጨመር የለም፤ የሚቀነስ ነው ያለው። 64 ስላይድ ለአሠልጣኝ የተሰናዳ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ደም የሚፈሳት እናት አልጋ ዳር የቆመች ተረኛ የምትፈልገው አምስት መስመር ብቻ ነው። በአንድ ኤ4 ወረቀት ላይ፣ በአማርኛ፣ ሁለት ሜትር ርቆ በሚነበብ ፊደል እንዲህ ይጻፉት።

ለማን፦ ከወለደች በኋላ ከመጠን በላይ ደም ለሚፈሳት እናት፤ በምጥም በቀዶ ጥገናም ወልዳ ቢሆን።
መቼ፦ እንደታወቀ ወዲያውኑ፤ ከወለደች 180 ደቂቃ ሳያልፍ።
ስንት፦ 1 ግራም በደም ሥር፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ቀስ ብሎ።
ድጋሚ፦ ከ30 ደቂቃ በኋላ ደሙ ካልቆመ፣ ወይም ቆሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ከተመለሰ፣ ሌላ 1 ግራም።
የት፦ መድኃኒቱ፣ ሲሪንጁና ካኑላው ያሉበት ቦታ፤ ቁልፉን የያዘው ሰው።

የመጀመሪያዎቹ አራት መስመሮች ከዓለም ጤና ድርጅት ምክር የተወሰዱ ናቸው። አምስተኛውን ጄኔቫ ያለው ድርጅት አይጽፍልዎትም፤ የእናንተን ቁም ሣጥን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ደብዳቤዎን ስናነብ የጎደለውም ይኸው መስመር ነው።

ሁለተኛው መስመር ላይ «180 ደቂቃ» ያልነው ሆን ብለን ነው። «በ3 ሰዓት ይሰጥ» ተብሎ ቢጻፍ አንዷ ሦስት ሰዓት ሳይሞላት ማለት ይመስላታል፤ ሌላዋ ጠዋት 3 ሰዓት የሚሰጥ መድኃኒት ነው ብላ ታስባለች። በእኛ ቋንቋ ቆይታውም የሰዓት ቁጥሩም በአንድ ቃል ስለሚጠሩ ደቂቃ መጻፍ ይገላግላል።

ከወረቀቱ ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ይንገሩ። ምክንያቱን ያልሰማ ሰው «ዶክተር እስኪመጣ» ብሎ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ትልቁ ጥናት በ21 አገሮች 20,060 እናቶችን አካትቷል። በደም መፍሰስ የሞቱት መድኃኒቱን ካላገኙት 1.9 በመቶ፣ ካገኙት 1.5 በመቶ ነበሩ። በሦስት ሰዓት ውስጥ ከተሰጣቸው መካከል ደግሞ ልዩነቱ ሰፍቶ ከ1.7 ወደ 1.2 በመቶ ወርዷል። በቀጣዩ ዓመት የወጣ የተጠቃለለ ትንተና እያንዳንዱ የ15 ደቂቃ መዘግየት ከጥቅሙ 10 በመቶ ያህሉን እንደሚበላ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላም ጥቅም እንደማይገኝ አሳይቷል። ለባልደረቦችዎ የሚበቃው «ሩብ ሰዓት ባለፈ ቁጥር ከጥቅሙ አንድ አሥረኛው ይሄዳል» የሚለው ነው። የቀረውን ለሚጠይቅ ሰው ያቆዩት።

አሁን ወደ እጅ ሥራው እንግባ፤ አብዛኛው ስሕተት እዚያ ነውና። አምፑሉ ላይ 500 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር የሚል ካለ 1 ግራም ማለት ሁለት አምፑል፣ 10 ሚሊ ሊትር ነው። በ10 ደቂቃ ሲሰጥ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ወረቀቱን ያነበበች ነርስ እንኳ እናትየዋ ስትገረጣ እጇ ይፈጥንና በአንድ ደቂቃ ትጨርሰዋለች። ፈጥኖ ከተሰጠ የደም ግፊትን ያወርዳል፤ ይህ ደግሞ ደም እየፈሰሳት ላለች ሴት ፈጽሞ የማያስፈልጋት ነገር ነው። ስለዚህ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ በውኃ ሞልተው የስልክ ሰዓት ከፍተው እያንዳንዷ አንድ ደቂቃ እንድትገፋ ያድርጉ። አንድ ደቂቃ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ እጅ ነው የሚማረው።

ጮክ ብለው የሚነገሩ ሦስት ማስጠንቀቂያዎችም አሉ። መድኃኒቱ ማህፀን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲንን አይተካም፤ ከእሱና ከማህፀን ማሸቱ ጋር የሚሰጥ ነው። በዚህ እርግዝና በደም ሥር ውስጥ ደም መርጋት ለታወቀባት እናት አይሰጥም። ሦስተኛው የቀዶ ጥገና ክፍሉን ይመለከታል፤ ለጀርባ ማደንዘዣ የሚወጋው ቡፒቫኬይንና ትራኔክሳሚክ አሲድ በሚመሳሰሉ አምፑሎች ሊመጡ ይችላሉ። ተሳስቶ በጀርባ አጥንት ውስጥ የተወጋ ትራኔክሳሚክ አሲድ ብርቱ ማንቀጥቀጥና ሞት አስከትሏል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። መድኃኒቱን የማደንዘዣ ባለሙያው ጋሪ ላይ አታስቀምጡት። «ቀዶ ጥገና ክፍልም ይኑር» የሚለውን አሳውቆ «ከማደንዘዣው ርቆ ይቀመጥ» የሚለውን መርሳት ካለማሳወቅ ይብሳል።

አቀራረቡን በተመለከተ፣ 22 ሰው በአንድ አዳራሽ አይጥሩ፤ ሌሊት ያደረችው ትተኛለች፣ ተረኛዋ ክፍሉን ጥላ አትመጣም። በርክክብ ሰዓት ለአራት ለአምስት ሰው ሰባት ደቂቃ ይበቃል። በሳምንት ውስጥ ሦስቱንም ፈረቃ ይዳረሱ። ስም ዝርዝር ይያዙና ያገኟትን ምልክት ያድርጉባት፤ የዓመት ፈቃድ ላይ ያለችውን ለመመለሻዋ ቀን ይጻፏት። ሲጨርሱ «ገባችሁ?» ብለው አይጠይቁ፤ የማይገባው የለም። «ከወለደች 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሆኗታል፤ ደሙ አልቆመም፤ ከየት ታወጪያለሽ፣ ስንት አምፑል ትሰብሪያለሽ?» ይበሉና እጇን ይዩ። ሁለት ሰው ቁልፉ ጋ ከተደናገረ ችግሩ የሥልጠና አይደለም፤ ከፋርማሲው ጋር ቁጭ ብለው ይፍቱት። በሣጥኑ ስንት አምፑል ይቀመጥ፣ የሚያበቃበትን ቀን ማን ይይ፣ በወጣ ቁጥር ማን ይተካ የሚለው ስም ያስፈልገዋል። «ሁላችንም» የሚል መልስ ማንም የለም ማለት ነው።

ቴሌግራሙን አይተውት። ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ፒን ያድርጉት። ፒዲኤፉ ከሥሩ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ በግል ክሊኒክ የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። በአንድ ስብሰባ ላይ «ትራኔክሳሚክ ከወሊድ በኋላ የሚደርስ ከባድ ደም መፍሰስን በ60 በመቶ ቀነሰ» ተብሎ ቀረበልን። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ትልቁ ጥናት ከታየው ትንሽ ልዩነት ጋር አልገጥም አለኝ። ማንን ልመን? (ካዛንቺስ)

መልስ፦ ቁጥሩ እውነት ነው፤ የተለጠፈበት ግን የሌላ ነው። ዶክተር፣ የሰሙት እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመውንና በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ 80 ሆስፒታሎች ውስጥ የተካሄደውን ጥናት ነው። እዚያ የተፈተነው አንድ መድኃኒት አልነበረም። ከእናትየዋ ሥር የሚነጠፍ፣ የፈሰሰውን ደም በሚሊ ሊትር የሚለካ ፕላስቲክ ነበረ፤ ልኬቱ ገደቡን ሲያልፍ አምስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይጀመራሉ። እነሱም የማህፀን ማሸት፣ ማህፀን የሚያኮማትር መድኃኒት፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ በደም ሥር ፈሳሽ፣ እንዲሁም መንስኤውን መመርመርና ለበላይ ማሳወቅ ናቸው። ከአምስቱ አንዱን ነጥሎ 60 በመቶውን ማሸከም የአንድ ሰው ደመወዝ ለአምስት ሲከፈል ሙሉው የእኔ ነው እንደማለት ነው።

ቁጥሩን ደግሞ ከመቶኛ አውርደው ወደ ሰው ይቀይሩት። በለመዱት አሠራር በቀጠሉት ሆስፒታሎች ከ1,000 እናቶች 43ቱ፣ አዲሱን በጀመሩት 16ቱ ላይ የተቆጠረው ጉዳት ደርሷል። ልዩነቱ በ1,000 እናቶች 27 ነው። «60 በመቶ» እና «ከ1,000 27» አንድ እውነት ናቸው፤ የሚያሳድሩት ስሜት ግን ሌላ ሌላ ነው። የሚያቀርበው ሰው ሁለቱንም ሊናገር ይገባዋል።

ቀጥሎ «ምን ተቆጠረ?» ይበሉ። የተቆጠረው 1 ሊትርና ከዚያ በላይ ደም መፍሰስ፣ ለደም መፍሰስ ሆድ መክፈት፣ ወይም በደም መፍሰስ መሞት ነው፤ ሦስቱ ተደምረው። ድምሩን የሞላው ከባድ መፍሰሱ ነው፤ ሞት ለብቻው ሲታይ ልዩነቱ በዚያ ጥናት አልተረጋገጠም። ይህ ጥናቱን አያሳንሰውም። «ሞትን በ60 በመቶ ቀነሰ» ተብሎ ሲወራ ግን ውሸት ሆኗል፤ በአንድ ቃል መለወጥ ብቻ።

እኛን ከዚህ ጥናት የሚስበን ሌላ ቦታ ነው። በእነዚህ አምስት ነገሮች ጥቅል ውስጥ አዲስ ግኝት የለም፤ ማሸቱንም መድኃኒቱንም ሁሉ ሰው ያውቀው ነበር። ሆኖም በለመዱት በቀጠሉት ሆስፒታሎች ደም መፍሰሱ የታወቀው ከግማሽ በጥቂት በሚበልጡ እናቶች ላይ ሲሆን ጥቅሉን በአግባቡ ያገኙት 19 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአዲሱ አሠራር የታወቀው 93 በመቶ፣ የተሰጠው 91 በመቶ ሆነ። የተለወጠው በሚታወቀውና በሚደረገው መካከል ያለው ክፍተት ነው። በዓይን ግምት የሚለካ ደም ብዙውን ጊዜ ያንሳል፤ አንሶላና ጥጥ ይደብቁታልና።

ጥያቄ፦ ጋይድላይን ስናጋራ ዓመቱን በየትኛው አቆጣጠር እንጻፍ? (ሜክሲኮ)

መልስ፦ በሁለቱም። «የ2017 መመሪያ» ብሎ የተለጠፈ ወረቀት አንዱ ሰው ትናንት የወጣ ይመስለዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅቱ 2017 ግን በእኛ 2009 እና 2010 ነው። ከስምንት ዓመት በላይ ያስቆጠረ ምክር አዲስ ሆኖ ሲሰቀል፣ አዲሱ ደግሞ ሲመጣ «አለን» ተብሎ ይመለሳል። «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» ከቁጥሩ ሳይነጠል ይጻፍ፤ ከወረቀቱ ግርጌም የተለጠፈበት ቀንና እንደገና የሚታይበት ቀን ይቀመጥ። ሳይታይ ቀኑ ያለፈ ወረቀት ይነቀላል፤ ግድግዳ ሙዚየም አይደለም።

ጥያቄ፦ የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። ትኩሳት ኖሮት እጁ የቀዘቀዘ ሕፃን ሲመጣ አንድ ሲኒየር ሐኪማችን በፍጥነት ብዙ ፈሳሽ እንድንሰጥ ያዛሉ። ይህ ጎጂ መሆኑን የሚያሳይ ጥናት እንዳለ ሰምቻለሁ። በራውንድ (ታካሚዎችን አብረን በምንጎበኝበት ሰዓት) ላይ ብናገር «አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» እባላለሁ። ዝም ማለትም አልቻልኩም። (ጥቁር አንበሳ አካባቢ)

መልስ፦ ከጥናቱ እንጀምር፤ በእጅዎ ያለው ካልጠራ ንግግሩም አይጠራም። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሲሆን በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ 3,141 ትኩሳትና የደም ዝውውር ድክመት ያለባቸውን ሕፃናት አካቷል። በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት በፍጥነት አልቡሚን (ፕሮቲን ያለው ፈሳሽ) ከተሰጣቸው 10.6 በመቶ፣ ሳላይን (ጨው ያለው ፈሳሽ) ከተሰጣቸው 10.5 በመቶ፣ በፍጥነት ምንም ካልተሰጣቸው 7.3 በመቶ ነበሩ። ከ100 ሕፃናት ሦስት ያህል ተጨማሪ ሞቶች ማለት ነው። ለዘመናት ትክክል ሲባል የኖረ ነገር ነበርና ብዙዎች ለማመን ተቸግረዋል። የእርስዎ ሲኒየርም የተማሩት ከዚያ በፊት ከሆነ በቂም በስንፍናም አይተርጉሙት።

አሁን ጥንቃቄው፤ ይህ ግኝት ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ «ለሕፃን ፈሳሽ አትስጡ» ሆኖ ይደርሳል፤ ያ ደግሞ ሌላ ሕፃን ይገድላል። ጥናቱ በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀባቸውንና ብርቱ የምግብ እጥረት ያለባቸውን አላካተተም። በተቅማጥ ክፉኛ ፈሳሽ ያለቀበት ሕፃን አሁንም በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል። ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ 30ው በ1 ሰዓት፣ 70ው በ5 ሰዓት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ 30ው በ30 ደቂቃ፣ 70ው በ2 ሰዓት ተኩል ይሰጣል። በምግብ እጥረት የተጎዳው ሕፃን የራሱ ፕሮቶኮል አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክርም ጥናቱን ተከትሎ ተለውጧል፤ እጅና እግሩ የቀዘቀዘ፣ ጥፍሩ ተጭኖ ሲለቀቅ ደም ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ የሚወስድበት፣ የልብ ምቱ ደካማና ፈጣን የሆነ ሕፃን፣ ሦስቱም ሲሟሉ፣ በኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር በ30 እስከ 60 ደቂቃ ያገኛል። አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ከታዩ በፍጥነት የሚሰጥ ፈሳሽ አይታዘዝም። እጁ መቀዝቀዙ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ የእርስዎም ጥያቄ ይኸው ነው።

ንግግሩን ሁለት ቦታ ይክፈሉት። ሕፃኑ ፊትዎ ካለና መርፌው ሊጀመር ከሆነ እዚያው ይናገሩ፤ አጭርና በአራት ደረጃ። ሁኔታው፣ የኋላ ታሪኩ፣ ያዩት፣ የሚጠይቁት። «ዶክተር፣ ከመጀመሬ በፊት ልጠይቅዎት። ዮናስ፣ የሦስት ዓመት ልጅ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ ትኩሳት አለው፣ ተቅማጥ የለውም። እጁ ቀዝቅዟል፤ ደም መመለሻው ግን 2 ሰከንድ ነው፣ ምቱም ጠንካራ ነው። ሦስቱ ስላልተሟሉ በቀስታ ብናስኬደውና በየ15 ደቂቃው ባየው ይሻላል ይላሉ?» እዚህ ውስጥ «ጥናቱ እንዲህ ይላል» የሚል የለም። ያቀረቡት ያዩትን ነው፤ ሐኪሙም ስለ ሕፃኑ ይወስናሉ፤ ማን ማንን አስተማረ የሚለው አይነሳም። (ስሙን ለምሳሌ ነው የሰጠነው።)

አሠራሩን ማስለወጥ ግን የራውንድ ሥራ አይደለም። የክፍሉን ኃላፊ ነርስ ይዘው፣ ከራውንድ ውጭ፣ ሲኒየሩን በቢሯቸው ያግኟቸው። አንድ ገጽ ይዘው ይግቡ፤ የጥናቱን አጭር መግለጫ ሳይሆን የመመሪያውን ገጽ፣ ሦስቱ ምልክቶች ያሉበትን። «ለተረኞች እንድናስረዳ እርስዎ ቢያዩልንና ቢፈርሙበት» ብለው ይጠይቁ። ወረቀቱ በእሳቸው ፊርማ ሲሰቀል የእሳቸው ይሆናል። በዚህ የሚያፍር ካለ ዓላማው ሕፃኑ አልነበረም።

ጥያቄ፦ ጥናት አንብበን የምንወያይበት የጆርናል ክለባችን ከሬዚደንት (ስፔሻሊቲ ከሚማር ሐኪም) በቀር ሰው አልባ ሆኗል። ምን ይሻለናል? (ፒያሳ)

መልስ፦ ጽሑፉን ከጆርናል ሳይሆን ከዋርዱ ይምረጡ። ባለፈው ሳምንት ክፍሉን ያከራከረ ታካሚ ካለ ጥያቄው እሱ ነው። ማን ላይ፣ ምን ሲደረግ፣ ከምን ጋር ሲነጻጸር፣ ምን ይለወጣል ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት፤ መልሱን ፈልጎ አንድ ጽሑፍ ማግኘት ከዚያ በኋላ ይቀላል። ጽሑፉን ሦስት ቀን ቀድመው ይላኩ።

ጠቅላላው 40 ደቂቃ ይሁን። ለታካሚው 5፣ ለአሠራሩና ለዋናው ሠንጠረዥ 15፣ ለክርክሩ 15፣ ለውሳኔው 5። መግቢያውን ስላይድ በስላይድ ማንበብ ክልክል ነው፤ ሰው የሚያንቀላፋው እዚያ ነውና። ነርስና ፋርማሲስት ካልተጠሩ ውሳኔው አይተገበርም፤ መድኃኒቱ በመደርደሪያ ላይ እንደሌለ የሚነግራችሁ ፋርማሲስቱ ነው። የመጨረሻው 5 ደቂቃ ሦስት መልስ ብቻ ይቀበላል፦ እንለውጣለን፣ አንለውጥም፣ ይህ እስኪጣራ እንጠብቃለን። የመጀመሪያው ከሆነ የሰው ስምና ቀን ይጻፍበታል። ያለዚያ ክለቡ የቡና ሰዓት ነው፤ ቡናውን ደግሞ ያለ ጽሑፍም መጠጣት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ሙሉ ጽሑፎችን በነፃ ከየት እናግኝ? (ሜክሲኮ)

መልስ፦ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል የሚሠራው የሕክምና ጽሑፎች ማግኛ ሂናሪ በተመዘገቡ የአገራችን ተቋማት በኩል ይገኛል፤ የይለፍ ቃሉን የተቋምዎን ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የሚመዝኑት የኮክሬን ቤተ መጻሕፍት ግምገማዎችም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ክፍት ናቸው፤ ጊዜ ለሌለው ሰው ከአንድ ነጠላ ጥናት ይልቅ እነሱን መጀመር ይመረጣል። የአገር ውስጡን ከፈለጉ የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ እየታተመ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ እናሳትማለን፣ ገንዘብ ላኩ ከሚሉ ጆርናሎች የመጣ ጽሑፍ በግሩፕ ሲለጠፍ ግን አውራ ጣቱን ያቆዩት።

ጥያቄ፦ ለመማማር ብለን የታካሚ ኤክስሬይና የቁስል ፎቶ በግሩፕ እንለዋወጣለን። ስሙን ቀለም እናለብሰዋለን። በቂ ነው? (ስታዲየም)

መልስ፦ አይደለም። በስልኩ ማድመቂያ ብዕር የተሸፈነ ስም ብርሃኑ ሲጨመር ከሥሩ ሊነበብ ይችላል፤ መሸፈን ሳይሆን ቆርጦ ማውጣት ነው። የኤክስሬዩ ጠርዝ፣ የካርድ ቁጥር፣ የአልጋ ቁጥርና ቀን፣ ንቅሳት፣ የአንገት ማተብ፣ ፊት፣ ሁሉም ሰው ያስለያሉ። 200 ሰው ባለበት ግሩፕ «ትናንት በዚህ ክፍል የመጣ» ብሎ መጻፍም እንዲሁ። ፎቶው በስልክዎ የቤተሰብ አልበም ውስጥ ራሱን ሊያስቀምጥ እንደሚችልም ያስታውሱ፤ ይህን ማቀናበሪያው ውስጥ ገብተው ያጥፉት። የታካሚውን ፈቃድ በጽሑፍ ይውሰዱ፤ «ለሕክምናዎ» እና «ለማስተማሪያ» ለየብቻቸው የሚጠየቁ ሁለት ፈቃዶች ናቸው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን በተለየ ጥበቃ ሥር አድርጎታል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ፎቶው ጭራሽ አያስፈልግም፤ ጥያቄው በሦስት መስመር ጽሑፍ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ በቀዶ ጥገና ለሚወልዱ እናቶች የሚሰጠውን የመከላከያ አንቲባዮቲክ በተመለከተ ለሁሉም አስረድተናል፤ ወረቀቱም ተሰቅሏል። መተግበሩን በምን እናውቃለን? (ካዛንቺስ)

መልስ፦ ሰው በመጠየቅ አይደለም፤ ሁሉም «እንሰጣለን» ይላል። ካርድ ክፍል ሄደው በቅርብ የተሠሩ 30 ቻርቶችን በተከታታይ ያውጡ። እየመረጡ አይደለም፤ የተመረጠ ቻርት ሁልጊዜ ያማረ ነው። ከእያንዳንዱ አራት ነገር ይቅዱ፦ መድኃኒቱና መጠኑ፣ የተሰጠበት ሰዓት፣ ቆዳው የተከፈተበት ሰዓት፣ የቆመበት ቀን። መስፈርቱ ቆዳው ከመከፈቱ በፊት መሰጠቱ ነው፤ እንደ ሴፋዞሊን ያለ አንቲባዮቲክ ከሆነ ከመከፈቱ በፊት ባለው 60 ደቂቃ ውስጥ። ቀዶ ጥገናው ካለቀ በኋላ ለመከላከያ ብሎ ለቀናት መቀጠልን የዓለም ጤና ድርጅት አይመክርም።

ከምታገኟቸው መካከል ሦስቱን ልንገምት እንችላለን። አንደኛው፣ ሰዓቱ ጭራሽ አልተጻፈም፤ «ተሰጥቷል» ብቻ ይላል። ይህን «አልታወቀም» ብለው ይቁጠሩት፤ «ተሟልቷል» ውስጥ አይክተቱት። ሁለተኛው፣ ዋርድ ላይ ተሰጥቶ የቀዶ ጥገናው ወረፋ ሦስት ሰዓት ወስዷል። እዚህ ጥፋተኛዋ ነርሷ አይደለችም፤ መድኃኒቱ ከታካሚዋ ጋር ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሄዶ በማደንዘዣ ባለሙያው እጅ እንዲሰጥ ቦታውን መቀየር ነው። ሦስተኛው አስቂኝም አሳሳቢም ነው፤ ነርሷ በአበሻ 8:10 ስትጽፍ የማደንዘዣው ሞኒተር 14:25 ይላል። ሁለቱን ሳያስተካክል የቀነሰ ሰው መድኃኒቱ ከስድስት ሰዓት በላይ ቀድሞ የተሰጠ ያስመስለዋል፤ እውነተኛው ልዩነት 15 ደቂቃ ነው። ቆጠራውን ከመጀመራችሁ በፊት ቅጹ ላይ አንዱን አቆጣጠር ምረጡ፤ የክፍሉን የግድግዳ ሰዓትና ሞኒተሩንም አስተካክሉ።

ውጤቱን «ከ30ው 11» ብለው በቁጥር፣ ያለ ሰው ስም፣ ርክክብ በሚደረግበት ክፍል ይለጥፉ። አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ሁለት ከቀየሩ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሌላ 30 ቻርት በዚያው ቅጽ ይቁጠሩ፤ የሚቆጥረው ሰው ግን ያስተማረው ሰው ባይሆን ይመረጣል።